ዐሥራ አንድ ሆነን የጨረስንበት ዓመት

ቡድኑ ውስጥ የገባሁት በእግሬ ሳይሆን በእጅ ጽሑፌ ነው። ይህን አምኖ ለመቀበል ብዙ ዓመት ወስዶብኛል፤ ዛሬ ግን ጉልበቴ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ስለሚያማርር በኳስ ችሎታዬ ልኮራ አልችልምና በግልጽ እናገረዋለሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። አስመራ ውስጥ በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ኮሌጁ የእግር ኳስ ቡድን ነበረው፤ ወይም ነበረው ይባል ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ እየቀሩ ውድድሩን በዘጠኝ ሰው ነው የጨረሱት። አሰልጣኙ የብረታ ብረት ወርክሾፕ መምህራችን ነበሩ። ሸምገል ያሉ፣ በብስክሌት የሚመላለሱ፣ በጣሊያኖቹ ጊዜ ኳስ የተጫወቱ የከተማው ሰው ናቸው። አማርኛ ይናገራሉ፤ መጻፉ ግን አይሆንላቸውም። በዚያን ጊዜ ደግሞ ያለ ዕቅድና ያለ ሪፖርት ኳስ እንኳ አይነፋም ነበር። አንድ ቀን ወርክሾፕ ውስጥ ወረቀቴ ላይ የጻፍኩትን አርእስት ቆመው ሲያዩ ቆዩና በትግርኛቸው «አንተ ልጄ» ብለው ጠሩኝ።

«ኣታ ወደይ፣ ይሄ ያንተ ጽሕፈት ነው ዶ?»

«አዎ፣ መምህር።»

«ኳስስ ትችላለህ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ሕራይ፣ ትንሽ ይበቃል። ዐሥር ሰዓት ላይ ሜዳ ና።»

የቀኝ መስመር ተከላካይና የቡድኑ ጸሐፊ የሆንኩት እንዲህ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥባቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አማርኛው የመጣው ከቤት ነው። አባቴ የጦሩ ሻለቃ ነበር፤ እኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከመሃል አገር ወደ አስመራ ተዛወረና ቪላጆ ጀኒዮ ውስጥ አንድ ጣሊያን የሠራው ቤት ተሰጠን። ጓሮው ውስጥ የሎሚ ዛፍ፣ በሩ ላይ ጠብመንጃ የያዘ ዘበኛ ነበረን። የቡድኑ ልጆች ግን የከተማው ተወላጆች ናቸው። ክፉ አልነበሩም። ሰላም ይሉኛል፣ ውኃ ያቀብሉኛል፣ የማልያዬን ኮሌታ ያስተካክሉልኛል። ነገር ግን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስገባ፣ በትግርኛ የደራው ጨዋታ በአክብሮት ወደ አማርኛ ይዞርና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይሞላ ያልቃል። በዚያ ዕድሜዬ ከምንም በላይ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እኔ ስገባ ወሬው እንዳይቋረጥ። ሌላ ምኞት አልነበረኝም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሜዳ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከጎኔ የሚጫወተው የመሃል ተከላካይ የቡድኑ አምበል ነበር። ከፎርቶ ኮረብታ ሥር ካሉት ቤቶች የሚመጣ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ይጮኻል። «ውጣ! ያዘው! ጀርባህን እይ! ኣታ ደንቆሮ፣ ጀርባህን!» የሻለቃ ልጅ ነው ብሎ አይመርጥም፤ በረኛውንም እኔንም እኩል ይሰድባል። ሰው ስድብ ይናፍቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ እኔ ግን ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ያንን ስድብ ነበር የምጠብቀው።

በመጀመሪያው ሳምንት አሰልጣኙ ዐሥራ ስድስታችንን ወርክሾፕ ውስጥ ሰበሰቡንና «ለኛ ዘንድሮ ጥሩ ዓመት ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ዋንጫ ሲል ተሳቀበት። ሌላው ከአምስተኛ በላይ መውጣት አለ። ግራ ክንፋችን፣ ቀጭንና ፈጣን የማይ ተመናይ ልጅ፣ የሳሙና ፋብሪካውን ቡድን ማሸነፍ ብቻ ይበቃኛል አለ፤ አምና ሰባት ግብ ያስቆጠሩባቸው እነሱ ናቸው። አሰልጣኙ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «በመጨረሻው ጨዋታ ዐሥራ ኣንድ ሰው ሆነን ከገባን፣ ዋንጫ በላን ማለት ነው። ሌላው ምርቃት ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም። እኔ ብቻ ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

የዕቅድ ቅጹን ስንሞላ፣ «የሚጠበቅ ውጤት» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ፣ ዐሥራ አንድ ሆኖ መጨረስ ብዬ ልጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቅ አሉ። «ወረቀት ትልቅ ነገር ይወዳል፤ ኣንደኛ መውጣት በል» አሉኝ። ጻፍኩ። የኮሌጁ ካድሬም ዕቅዱ አብዮታዊ መንፈስ የተሞላበት ነው ብሎ አመሰገነን።

ከዕቅዱ ሌላ የልምምድ መዝገቡም የእኔ ነበር። ስም፣ ተገኝቷል፣ አልተገኘም፣ ምክንያት። ኅዳር ላይ አንዱ አማካያችን ቀረ። አሰልጣኙ «ጉዳት በል» አሉኝ። «ምኑን ነው የተጎዳው?» ስላቸው ትንሽ አሰቡና «ጉልበቱን» አሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላው በቁርጭምጭሚት ቀረ። ታኅሣሥ ላይ ግራ ክንፉ በብሽሽት። እኔም ጠንቃቃ ጸሐፊ ነኝና ነገሩ አሳሰበኝ። ሜዳው ድንጋያም ነው፤ ልጆቹ እያለቁ ነው፤ ስለዚህ ድንጋዩ እንዲለቀምና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን እንዲሰጠን ለአስተዳደሩ የአንድ ገጽ ማመልከቻ አርቅቄ አመጣሁላቸው። አሰልጣኙ ወረቀቱን አንብበው ሳይሆን አገላብጠው አዩትና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ጽሕፈቱ በጣም ያምራል» አሉኝ። «ድንጋዩን ግን ተወው።»

ዛሬ ይህን ሳወራ ሰው አያምነኝም። ወጣቶች በየሳምንቱ ከከተማው እየወጡ ወደ ጫካ፣ ወደ አማፂዎቹ፣ እንደሚገቡ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር እንጂ። ቤታችን ምሳ ላይ የሚወራው እሱ አይደለም እንዴ! ነገር ግን እኔ የማስባቸው ጫካ ገቢዎች ፊት አልነበራቸውም። የካልሲያቸውን ቀዳዳ የማውቃቸው፣ ጋምባሌያቸውን ያዋሱኝ ልጆች ጉልበታቸውን ታመዋል ከተባለ ጉልበታቸውን ነው የታመሙት። ሞኝነት ነው። ሞኝነቱ ግን የእኔ ብቻ ሳይሆን እናቴም የተካፈለችው ነው፤ ምክንያቱም ግራ ክንፉ ከተጎዳ ሦስት ሳምንት ሆነው ስላት ጮኸችብኝ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኝቶ፣ ሄደህ አልጠየቅኸውም? ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድኩት?»

በእኛ ቤት የታመመ ይጠየቃል፤ ባዶ እጅ ደግሞ አይኬድም። እሑድ ከሰዓት ዘንቢል ሙሉ ብርቱካንና ከጦሩ መደብር የመጣ አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት አስያዘችኝ። ማይ ተመናይ ሩቅ ነው ብላም የአባቴን ሾፌር አዘዘችው። ሾፌሩ ቁም ነገረኛ አስር አለቃ ነበር፤ ዩኒፎርሙን ከነጠብመንጃው ሳያደርግ መሪ አይጨብጥም። እኔ ከጎኑ ብርቱካኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በወታደር ዋዝ መኪና፣ የታመመ ጓደኛዬን ልጠይቅ ሄድኩ።

ሰፈሩ ስንደርስ መንገድ ላይ ኳስ የሚያንከባልሉ ልጆች ኳሱን ጥለው ሮጡ። ሁለት በሮች ሲዘጉ ሰማሁ። እኔ ዘንቢሉን እስካስተካክል ሾፌሩ ቀድሞኝ ወረደና በመዳፉ በሩን ደበደበ። የከፈቱት እናቱ ነበሩ። መጀመሪያ ያዩት ጠብመንጃውን ነው። በሩን ይዘው እንዳይወድቁ ተደገፉ። እኔ ከሾፌሩ ኋላ ዘንቢሌን ከፍ አድርጌ «ከቡድኑ ነኝ፤ ልጠይቀው ነው የመጣሁት» አልኩ። ዘንቢሉን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ሌላ ማድረግ ስለማይችሉ ግባ አሉኝ።

ሾፌሩ ውጭ ቀረ። ሻሂ ቀረበልኝ። «ታሚሙ ኣሎ» አሉኝ፤ ቀጥለው በአማርኛ፣ ታሞ ሰገነይቲ ከተማ ያለ ወጌሻ ዘንድ እንደሄደ፣ ገና እንደማይመለስ ነገሩኝ። ሲናገሩ የሚያዩት በሩን ነው። የልጁ አልጋ ከፊት ለፊቴ ነበር። ታጥቦ የተተኮሰ የቡድናችን ማልያ ትራሱ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ታሞ የሄደ ሰው ማልያ እንደዚያ አይቀመጥም። ሁሉም ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ጉልበቱም፣ ቁርጭምጭሚቱም፣ ብሽሽቱም። መዝገቡ ላይ በሚያምር ጽሑፌ የጻፍኳቸው ልጆች አንዳቸውም እግራቸውን አልታመሙም ነበር።

ሻሂውን እንደምንም ጨርሼ ተነሣሁ። እናቱ በሩ ድረስ ሸኙኝና እጄን ይዘው በለሆሳስ «ወደይ፣ የቐንየልና። ዳግማይ ግን ኣይትምጻእ» አሉኝ። አመሰግናለሁ፣ ሁለተኛ ግን አትምጣ ማለታቸው ነው። ያለ ቁጣ ነው ያሉት፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ልምምድ ላይ ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። አብሮኝ የሚያሟሙቅ ጠፋ። አምበሉ ወደ እኔ መጥቶ ቆመ።

«ማን ነው የላከህ?»

«እናቴ።»

«እናትህ?»

«ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ነበር። እውነት የተጎዳ መስሎኝ ነው።»

ፊቴን ትኩር ብሎ አየና አላመነኝም። እኔም ብሆን አላምነውም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜዳ ውስጥ እኔን ማናገር ተወ። ሌላውን ሁሉ ይሰድባል፣ ያዛል፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ጸጥ ይላል። የተከላካይ መስመር ላይ ቆሞ ከጎን ድምፅ ማጣት ምን እንደሆነ ኳስ የተጫወተ ያውቃል። የሚመጣብህን አታየውም። ቅዳሜ በእኔ በኩል ሦስት ገባብን፤ አንድም ሰው አልተቆጣኝም።

ይህ ግን የነገሩ ቀላል ጎን ነበር። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ አባቴ ምሳ ላይ ሹካውን አስቀመጠና «እሑድ ማይ ተመናይ ሄደህ ነበር?» አለኝ።

«አዎ። የታመመ ጓደኛዬን ልጠይቅ።»

«የጦር መኪና እዚያ ቤት ምን ሊያደርግ መጣ ብለው የቀበሌው ሰዎች ደውለው ነበር። ልጁም ከታየ ሰንብቷል ይላሉ። እናቲቱን ሊጠይቋት ነው።» መጠየቅ ሲል የታመመ መጠየቅ እንዳልሆነ እኔም እናቴም ገብቶናል። «አንተ በዓይንህ አይተኸዋል?»

አባቴን ዋሽቼው አላውቅም ነበር። ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ የማይዋሽ ሰው ስለነበረ መዋሸት የሚያሳፍር ሰው ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ግን በር ይዘው የተደገፉት ሴትዮ ነበሩ።

«አይቼዋለሁ» አልኩ። «አልጋው ላይ ነበር። ብሽሽቱ እስከ ጉልበቱ አብጧል። ማታውን ሰገነይቲ ወጌሻ ዘንድ ሊወስዱት ነበር።»

እናቴ ወጥ ልትጨምርለት ጭልፋውን እንዳነሳች ቀረች። ከዚያ አባቴ ተነሥቶ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ስልክ ሄደና ደወለ። የሚናገረው ይሰማኝ ነበር። «ልጄ በዓይኑ አይቶታል። ሴትዮዋን ተዉአት» አለ። ተመልሶ ተቀመጠና «እግዜር ይማረው» ብሎ ምሳውን ቀጠለ። አምኖኝ ይሁን ሳያምነኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ቃሉን በእኔ ውሸት ላይ ማስቀመጡን ነው፤ ያ ነገር ሲከብደኝ ኖሯል። ግን ደግሞ ያን ቀን ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ እደግመዋለሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ይነገራል? የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሳሙና ፋብሪካው ጋር ነበርን። በብርዱ ተመልካቾቹ የኮታቸውን ኮሌታ ከፍ አድርገው ሜዳውን የከበበው ገመድ ዳር ቆመዋል። የመጀመሪያውን አጋማሽ አንድ ለዜሮ እየተመራን ወጣን። ሁለተኛው አጋማሽ ከተጀመረ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ኳስ በአየር ወደ እኔ መጣና ልቀበል ወደ ፊት ስሮጥ፣ ከጎኔ መብረቅ የመሰለ ድምፅ ወረደብኝ።

«ጀርባህን! ኣታ ደንቆሮ፣ ጀርባህን እይ!»

ዞርኩ። አጥቂያቸው እውነትም ከጀርባዬ ነበር። ኳሱን በጭንቅላቴ ወደ ውጭ ላክሁት፤ ከዚያ ቆሜ የማያምር ፈገግታ ፈገግ አልኩ። አምበሉ «ምን ያስቅሃል?» ብሎ እንደገና ሰደበኝ። ነገሩን ኋላ ነው የሰማሁት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ለግራ ክንፉ እናት «የሻለቃው ልጅ ተኝቶ አይቶታል ካለ ምን ቀረ» ብሎ ሄዷል፤ እሳቸው ደግሞ ለአምበሉ ነግረዋል። እሱ ለእኔ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ትንፍሽ አላለም። መጮኹን ብቻ ቀጠለ። ያን ቀን ሁለት ለአንድ አሸነፍን፤ ማልያዬን ሳወልቅ አለቀስኩ፣ ላብ አስመስዬ ጠረግሁት።

ከዚያ በኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስገባ ወሬው አይቋረጥም ነበር። ወደ አማርኛም አይዞርም። ትግርኛዬ ከገበያ የተለቀመ ስለሆነ ግማሹ ያመልጠኛል፤ ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ፣ አንዳንዴም በራሴ ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ነገር ግን አይነገረኝም። ማን መቼ እንደሚሄድ ለእኔ የሚነግር አልነበረም፤ በነጋታው መዝገቡን ስከፍት ነው የማውቀው። በእርግጥ አንዱ ለሌላው ይናገር እንደሆነም አላውቅም። ይህንን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነገርኩት፤ ግን ቅር ማለቴ አልቀረም።

የካቲት ላይ አንድ፣ መጋቢት ላይ ሌላ ሄደ። አሰልጣኙና እኔ ወርክሾፕ ውስጥ መዝገቡን ዘርግተን እንቀመጥና በደንብ እንመካከራለን።

«የቱን ልበል፣ መምህር?»

«ብሽሽት በል። ብሽሽት ረጅም ጊዜ ይወስዳል።»

«ብሽሽት ተይዟል።»

«እህ… እንግዲያው ወገቡን።»

በመላው አስመራ እንደ እኛ ቡድን የተጎዳ አልነበረም። ሳቃችን መጥቶ እንስቃለን፤ ከዚያ አሰልጣኙ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያሻሉ። ለሁሉም እንደ ልጆቻቸው ነበሩ። እኔም ያን ጊዜ ነው ጥያቄያቸው የገባኝ። ጥሩ ዓመት ሲሉ የማን ወገን ትክክል ነው፣ ማን ያሸንፋል ማለታቸው አልነበረም። እኒህ ልጆች አንድ ነገር ጀምረው አብረው ቢጨርሱ ምን አለበት ማለታቸው ነበር። ያን ያህል ትንሽ ነገር። ዛሬ ሰዎች ሦስተኛ ወጥቶ ዋንጫ ያላመጣ አሰልጣኝ ይባረር እያሉ ሲከራከሩ ስሰማ፣ ጣልቃ መግባት ያምረኝና ተመልሼ ዝም እላለሁ።

ሚያዝያ ሲገባ ልክ ዐሥራ አንድ ነበርን። ተቀያሪ የለም። አሰልጣኙ በየልምምዱ ብስክሌታቸውን ሳያቆሙ ከሩቅ ይቆጥሩናል። ከሁሉም የሚፈሩት ለአምበሉ ነበር፤ እሱ ከሄደ ቡድኑ እንደሚበተን ሁላችንም ገብቶናል። እኔማ በየቀኑ ሜዳው ጫፍ ላይ ሰፊ ትከሻውን እስካይ የጫማዬን ክር አላስርም።

የመጨረሻው ጨዋታ ቅዳሜ ነበር። አንዳችን ሳንጎድል ገባን። አባቴ ያን ቀን ሳይነግረኝ መጥቶ ነበር፤ በሲቪል ልብስ፣ ብቻውን፣ ገመዱ ዳር ቆሟል። ልጆቹ አወቁት። አምበሉ አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ እኔ አየና «በል፣ ለኣባትህ ተጫወት» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ጨዋታው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አማካያችን እግሩ ወለም አለው። ዓመቱን ሙሉ ያየነው የመጀመሪያው እውነተኛ ጉዳት ይህ ነበር። ዳኛው ይውጣ ሲሉ አሰልጣኙ ከመስመር ውጭ ሆነው «ኣይፋሉን! ኣይወጣም!» ብለው ጮኹ፤ ልጁም በአንድ እግሩ እያነከሰ መስመር ዳር ቆሞ ጨረሰ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ፊሽካው ሲነፋ አሰልጣኙ ሜዳ ገብተው የእያንዳንዳችንን እጅ እየጨበጡ በጣሊያንኛ ቆጠሩን፤ እኔ ዘንድ ሲደርሱ «ኡንዲቺ» አሉ፣ ዐሥራ አንድ። ያሸነፈው ቡድን ምን እንደሚያስጨፍረን ግራ ገብቶት ያየናል።

አባቴ ቀድሞ ሄዶ ነበር። አምበሉ እስከ ፌርማታው አብሮኝ መጣ፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ሰኞ ልምምድ ስለሌለ ምን ልሠራ ነው ብዬ ቀለድኩ።

«ቢኖርም እኔ የለሁም» አለኝ።

ወደ እሱ ዞርኩ።

«ከጥር ጀምሮ እየጠበቁኝ ነው። ውድድሩ ይለቅ አልኳቸው። መምህር የጠየቁን ዐሥራ ኣንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ከለከልናቸው ሊባል ነው?»

«ለምን ነገርከኝ?»

«ሳልነግርህ ብቀር ብርቱካን ተሸክመህ እናቴ ዘንድ ትመጣለህ።»

ሁለታችንም ሳቅን። አውቶቡሱ መጣ፣ አልተሳፈርኩም፤ ሌላው እስኪመጣ አብሮኝ ቆመ። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ አልዋሽም። ዓመቱን ሙሉ ስፈልገው የነበረውን ነገር ነው የሰጠኝ፤ በሻለቃው ልጅ እጅ ላይ ነፍሱን አስቀመጠ። ቤት ልደርስ ስል ግን የሰማሁት ነገር ራሱ ገባኝ። ይሄ ሰው ሊሄድ ነው። የሚሄደውም ጠብመንጃ ሊይዝ ነው።

በማግስቱ እሑድ የበላነው ምሳ ከአባቴ ጋር የበላሁት የመጨረሻው ምሳ ነው። ሰኞ ጠዋት ወደ ግንባር እንደሚወጣ ያን ቀን ነገረኝ። እናቴ ቀድማ ሰምታ ኖሮ ዓይኗ ቀልቷል። እሱ ግን ፊቱ ፈካ ብሎ፣ ስለ ጨዋታው ነበር ማውራት የፈለገው።

«ዓመቱን በጠቅላላ ስንት አሸነፋችሁ?»

«ሁለት።»

«ሁለት ብቻ?»

«ጥሩ ዓመት ነበር፣ አባባ።»

«ሁለት አሸንፎ ጥሩ ዓመት!» አለና እናቴን ሊያስቃት ሞከረ። እሷ ሰሃን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ በሄደችበት ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ትልቁ ልጅ፣ ከጎንህ የሚጫወተው፣ አምበላችሁ ነው?»

«አዎ።»

«ዘጠና ደቂቃ ዓይኑን ካንተ ላይ አልነቀለም። አይቼዋለሁ። ግንባር ላይ እንደሱ ያለ አንድ ሰው ከጀርባዬ ባገኝ፣ ለጥ ብዬ በተኛሁ ነበር።» ውኃውን ጠጣ። «ስታገኘው ሰላም በልልኝ።»

«እሺ፣ እለዋለሁ» አልኩት።